የእናቴ ተከሳሽ

እናቴ የወደቀችው አገር ቤት፣ ጋዝጊብላ፣ ከገዛ ደጃፏ፣ ዶሮ ስታባርር ነው። ዶሮዋ የራሷ ናት። እንዲደርቅ የተሰጣውን ብቅል ስትለቅም አየቻትና ድንጋይ አነሳች፤ ድንጋዩ ከእጇ ሳይወጣ ቀኝ ጎኗ ከዳት። ታናሽ ወንድሜ ከማሳ ተጠርቶ ሲደርስ እሷ መሬት ላይ፣ ድንጋዩ ከጎኗ፣ ዶሮዋ አሁንም ብቅሉ ላይ ነበሩ።

የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ እየተቀባበሉ መኪና መንገድ አደረሷት፤ ከዚያ በአይሱዙ ሰቆጣ መጣች። ሰቆጣ የምኖረው እኔ ነኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ከደብረ ታቦር በኩል ተመድቦ መጥቶ፣ እኔን አግብቶ እዚሁ የቀረ።

ሆስፒታል ከገባች በኋላ እናቴ ዝም አለች። ዕድሜዬን ሙሉ እናቴ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም ነበርና፣ ከሽባነቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ዝምታዋ ነው። አፏ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ፣ ዓይኗ ብቻ ከእኔ ወደ ወንድሜ፣ ከወንድሜ ወደ እኔ ይመላለሳል። ወንድሜ እግሯ ሥር ተቀምጦ ለሚያውቀው ታቦት ሁሉ ተሳለ። አንድ ጠዋት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሁለታችንም ጎንበስ አልን።

«ዶሮዋን... አሰርካት?» አለች።

የወንድሜ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «አስሬያታለሁ እማ፣ ደህና ናት!» አለ። ዶሮዋን ግን በዚያው ዕለት አርዶ ቃሬዛ ለተሸከሙት ሰዎች አብልቷታል። እስከ ዛሬ ስለ ደህንነቷ በተጠየቀ ቁጥር «እንቁላል ጥላለች» ይላል።

ሐኪሙ ሲያሰናብተን፣ «ከጎናቸው ሰው አይለይ። ቁስል እንዳያወጡ አገላብጧቸው። እጅና እግራቸውንም በየቀኑ አንቀሳቅሱላቸው፤ አካል የረሳውን የሚማረው በመደጋገም ነው» አለን። ይህን ሥራዬ ብሎ የሚሠራ ባለሙያ ለማግኘት ደሴ ድረስ መውረድ ነበረብን። እናቴ ግን ደሴን አትወድም። አይታው አታውቅም፤ ግን አትወደውም።

ስለዚህ ወደ ቤቴ አመጣናት። መጀመሪያ የገጠመን ችግር ሽባነቱ ሳይሆን አማችነቱ ነው። እንደ እናቴ ያለች የድሮ ሴት በልጇ ባል ፊት እህል አትቀምስም፤ ፊቷንም ገልጣ አትታይም። ባለቤቴ በበሩ ብቅ ባለ ቁጥር እናቴ ባላት አንድ እጅ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። በዚያ እጅ ኩባያ ይዛ ከሆነ ኩባያው ይደፋል፤ በዚያ እጅ ተደግፋ ከሆነ ደግሞ እሷ ራሷ ትደፋለች። አንሶላ እንደ መጋረጃ ሰቀልንላት። ባለቤቴም ከግቢው በር ጀምሮ እየሳለ መግባት ለመደ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጎረቤት ለብቻዬ ጠርታ፣ «እህቴ፣ ኧረ መምህሩን አክታ አስመርምሪው» ብላ መከረችኝ።

በዚህ በአማችነት ወግ ምክንያት ባለቤቴ ሊያነሳት አይችልም። ወንድሜ እርሻ አለበት። የእኔም የዓመት ፈቃድ አለቀ። ሰው መፈለግ ግድ ሆነ።

የመጀመሪያዋ የፖሊስ ሚስት ነበረች። ባሏ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ ነው፤ እሷ ገና ልጅ አልወለደችም፤ ቀኑ ይረዝምባታል። እጇ ለስላሳ ነው፤ አፏ ደግሞ ሥራ አይፈታም። እናቴ ከላይ እስከ ታች ካየቻት በኋላ ወደ እኔ ዞራ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ «ይቺ ሴት ምንድን ነው የምትለው?» አለችኝ።

«አማርኛ ነው እኮ እማ፣ ጤና ይስጥልኝ ነው ያለችሽ።»

«አማርኛ አላውቅም» አለች፣ አሁንም በኽምጣኛ።

እናቴ በአማርኛ ገበያ የወጣች፣ በአማርኛ የተካሰሰች፣ በአማርኛ ንስሐ የገባች ሴት ናት። ከባለቤቴ ጋር በመጋረጃው በኩል የምትነጋገረውም በአማርኛ ነው። ግን በእንግዳ ሰው ፊት «ውሸትሽን ነው» ልላት አልደፈርኩም። «በሽታው ይሆናል አማርኛውን ያስረሳት» አልኩ። የፖሊስ ሚስት ራሷን በሐዘኔታ ነቀነቀች።

ከዚያ ወዲያ ቢሮዬ ተቀምጬ አስተርጓሚ ሆንኩ። ስልኬ ይጮሃል፤ «እናትሽ የሆነ ነገር እያሉ ነው፣ ላቅርብልሽ» ትለኛለች። እናቴ በኽምጣኛ፣ «ይቺ ሴት ሹሩባ እሠራለሁ ብላ ፀጉሬን እንደ ገብስ አጨደችው» ትላለች። እኔ ለፖሊስ ሚስት፣ «እጅሽ ይባረክ እያለችሽ ነው» እላለሁ። እናቴ፣ «ሽሮዋ ከመቅጠኑ የተነሳ ፊቴን አየሁበት» ትላለች። እኔ፣ «ሽሮሽ ጥሟታል» እላለሁ። እናቴ ትርጉሙን አንድ በአንድ እየሰማች ስለሆነ፣ «ውሸታም!» ብላ ትጮህብኛለች፤ እኔም፣ «ይኸው ትመርቅሻለች» እላለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ የሰቆጣ ልጅ ናት፣ ኽምጣኛ ትሰማለች፤ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሥራዋን ትታ ወንበሯን ታስጠጋ ነበር።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲውሉ ምን እንደሚደረግ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የፖሊስ ሚስት በሰው አገር የሚያዋያት አጥታ የኖረች ናት። አሁን ቀኑን ሙሉ አጠገቧ የምትውል፣ ተነስታ የማትሄድ፣ አማርኛ የማትሰማ ሴት አገኘች። ልቧን ከፈተችላት። የባሏን ጠባይ፣ የአማቷን ክፋት፣ ከእህቷ ጋር የተኳረፈችበትን ሠርግ፣ ሁሉንም የእናቴን እግር እያሸች ተረከችላት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች።

አንድ ቀን ለምሳ ስመጣ በሩ ላይ እንደደረስኩ የፖሊስ ሚስት፣ «...እንግዲህ እህቴ ያንን ቀሚስ ለብሳ ሠርጉ መሀል ዘው አትልም መሰለዎት! የማን ቀሚስ ይመስልዎታል?» ትላለች፣ መልስ ሳትጠብቅ።

«የአማትሽ ነዋ!» አለች እናቴ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

የፖሊስ ሚስት የእናቴን እግር በሁለት እጇ እንደያዘች ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ፊቷ በርበሬ መሰለ። እኔ ከልማድ የተነሳ ልተረጉም አፌን ከፈትኩ፤ የሚተረጎም ነገር ግን አልነበረም።

አልተቆጣችም። በር ላይ ስሸኛት፣ «ይሰድቡኝ እንደነበር ድምፃቸው ይነግረኝ ነበር፤ እሱስ ግድ የለም፣ እናት ናቸው» አለችኝ። «ግን እኔ ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ከእንግዲህ እንዴት ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?» ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች።

እናቴ ከዚያ በኋላ አኮረፈች። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ነዘነዝኳት።

«ወሬው እኮ አላለቀም» አለችኝ። «ቀሚሱን ማን አውጥቶ እንደሰጣት ሳትነግረኝ ሄደች።»

ሁለተኛዋን የጠቆሙን የንስሐ አባቴ ናቸው። የላኩልን መነኩሲት ናቸው፤ ጸሎተኛ፣ ትዕግሥተኛ፣ ከአፋቸው ክፉ ቃል የማይወጣ። እናቴም እንደሚገባ አከበረቻቸው፤ አማርኛዋም በአንድ ጊዜ ተመለሰላት።

ችግሩ በምግብ ጀመረ። እናቴ በሕመሟ ምክንያት በጾም ወተትና እንቁላል እንድትወስድ በካህን ተፈቅዶላታል። እማሆይ ይህን አልተቃወሙም። እንቁላሉን ራሳቸው ቀቅለው ያቀርቡላታል፤ ብቻ እያዘኑ ነው የሚያጎርሷት። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ። «ብዪ ልጄ፣ እግዚአብሔር መሐሪ ነው።» እናቴ ትውጣለች። «ብዪ፣ የሰው ልጅ ደካማ ነው።» እናቴ እንደምንም ሁለተኛውን ትውጣለች። ሁዳዴው ሳይጋመስ እንቁላል የሚባል ነገር አስጠላት።

ጸበሉም ነበረ። የሰቆጣ ማለዳ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እማሆይ በዚያ ብርድ ጸበል ይረጯታል፤ መርጨት ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ከአንገቷ ወደ ጀርባዋ ያፈሱባታል። እናቴ እምነት ያላት ሴት ናትና ጸበሉን መቃወም አልቻለችም። «እማሆይ፣ ትንሽ ለብ ቢያደርጉትስ?» አለቻቸው አንድ ቀን። «ጸበል አይሞቅም፣ ልጄ» አሏት። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ሐኪሙ ያዘዘውን የእግር ማንቀሳቀስ ሥራ እማሆይ ከዳዊት ጋር አዛምደውታል። እግሯን ያነሳሉ፣ ዳዊቱን ይቀጥላሉ፤ ዳዊቱ ሲጥማቸው እግሩን ይረሱታል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እማሆይ በአንድ እጃቸው መጽሐፋቸውን፣ በአንድ እጃቸው የእናቴን እግር ወደ ጣራ ቀጥ አድርገው ይዘው በተመስጦ ያነባሉ። እናቴ ከሥር ሆና ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች። «የትኛው መዝሙር ላይ እንደደረሱ ጠይቂልኝ» አለችኝ በኽምጣኛ።

መነኩሲት ማባረር ኃጢአት ነው። ስለዚህ እናቴ ሕልም አየች። «እማሆይ» አለቻቸው ጠዋት፣ «አየሁዎት። ተራራ ላይ ካለ ገዳም ደጃፍ ቆመው ነጭ ርግብ በስምዎ እየጠራች ታስገባዎታለች።»

እማሆይ ዳዊታቸውን አጠፉ። «የትኛው ገዳም ነው ልጄ?»

«እሱን አላወቅኩትም» አለች እናቴ። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «ብቻ ሩቅ ነው» አለች።

እማሆይ በዚያው ሳምንት ቤቱን ባርከው፣ ሁላችንንም መርቀው፣ እያለቀሱ ሄዱ። እኔም አለቀስኩ፤ በሌላ ምክንያት። «እማ፣ እውነትሽን ነው ሕልም ያየሽው?» አልኳት።

«አይቻለሁ።»

«ነጭ ርግብ?»

«ርግብ ትሁን ዶሮ አጥርቼ አላየኋትም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው ጠፋ። የእናቴ ዝና ከተማውን አዳርሶ ነበር። ወንድሜ በገበያ ቀን መጣና ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፣ «እቴ፣ አገር ቤት ልውሰዳት» አለኝ። ሚስቱ ግን በቅርቡ የወለደች ናት፤ አራስ ልጅና እናቴን ባንድ ቤት ማን ይችላል?

«ይልቅ» አለ ድንገት፣ «ጎረቤታችን በየቀኑ በአጥር ላይ ይጠይቁኛል።»

የአገር ቤቷ ጎረቤታችን ማለት የእናቴ ጠላት ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ሲሞት ጓሮ የሰቀለው የንብ ቀፎ ለእናቴ ቀረ። አንድ ዓመት የመስከረም አበባ ሲፈነዳ ንቡ ከእናቴ ቀፎ ኮበለለና አጥር ተሻግሮ ከጎረቤታችን ባዶ ቀፎ ገባ። እናቴ፣ «ንቤን መልሺ» አለች። እሳቸው፣ «ጥሪያት፤ ከመጣችልሽ ውሰጃት» አሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ቄስ ገባበት፣ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው፣ «ንቦችሽን ለይተሽ ታውቂያለሽ ወይ?» ብሎ ቢጠይቃት እናቴ፣ «አንድ በአንድ» አለች ይባላል። ተፈረደባት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ልቅሶ ቤት እንኳ አብረው አይቀመጡም።

«ምን ብለው ነው የሚጠይቁህ?» አልኩት ወንድሜን።

«ሞተች ወይ? ነው የሚሉኝ። አልሞተችም ስላቸው እሰይ ይላሉ። ከዚያ መልሰው ይቆጣሉ፤ ታዲያ ካልሞተች ለምን አትመጣም? ይላሉ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ «ቀብሬ ላይ እንዳትቆም በላት!»

ወንድሜ መልእክቱን እንዳለ አደረሰ መሰለኝ፣ በሚቀጥለው ገበያ ቀን ጎረቤታችን ራሳቸው ከግቢያችን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የመኪናውን አቧራ አላራገፉም። «የመጣሁት እውነት መታመሟን ለማየት ነው» አሉኝ። «በሽታ አስመስላ ከተማ ገብታ እየተጦረች ነው የሚል ወሬ አለ።» ወሬውን የሚያወሩት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን አውቃለሁ። «ይግቡ እትዬ» አልኳቸው።

እናቴ ድምፃቸውን ሰማች። «አዙሪኝ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ግድግዳው!»

አዞርኳት። ጎረቤታችን ዱካ ስበው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡና የእናቴን ጀርባ አተኩረው አዩ። «ከስታለች» አሉኝ፣ እናቴ እዚያ እንደሌለች ሁሉ። «አታበሏትም?»

እናቴ በደህና እጇ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮዋ ሳበች።

«ንቦቹ ደህና ናቸው በያት።»

የእናቴ ትከሻ ተንቀሳቀሰ። «አዙሪኝ።» አዞርኳት። «የማን ንቦች?» አለች።

«የእኔ ንቦች።»

«አዙሪኝ!» መልሼ ወደ ግድግዳው አዞርኳት።

«ዘንድሮ ማሩ እንደ እርጎ ነጭ ነው» አሉ ጎረቤታችን ለጀርባዋ።

«አዙሪኝ!»

እንዲህ ስንል ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ሐኪሙ አገላብጧቸው ያለውን የሳምንቱን ድርሻ በዚያች ከሰዓት ጨረስኩት። በመጨረሻ ጎረቤታችን ትዕግሥታቸው አልቆ ተነሱ። «ዞር በይ አንቺ ልጅ፣ ሽንብራ የምትቆዪ አስመሰልሽው» ብለው እኔን ገፍተው እናቴን አቅፈው አዞሯት። ሁለቱ አሮጊቶች አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጡ።

እናቴ ክርክሩን ከሥር ጀመረችው፤ አባቴ ቀፎውን ከሰቀለበት ዛፍ ተነስታ እስከ ዳኛው ድረስ። ጎረቤታችን በየመሀሉ «ውሸት ነው» ይላሉ። እናቴ ድምፅዋ እየጨመረ፣ ፊቷ እየቀላ ሄዶ፣ «አንቺ ነሽ በጤና አዳም አጥነሽ ያስኮበለልሻቸው!» ስትል ከብርድ ልብሱ ላይ አንድ ነገር ሲነሳ አየሁ። ከወደቀች ጀምሮ እንደ እንጨት ተጋድሞ የኖረው የቀኝ እጇ ጣት ነው። ቀና ብሎ ወደ ጎረቤታችን ይጠቁማል።

ጮህኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቴ፣ ነገሯ ስለተቋረጠ ተናድዳ።

«እጅሽ! እማ፣ እጅሽ!»

ሦስታችንም ጣቷን አየን። እናቴ እንደ ሌላ ሰው ጣት ተገርማ አየችው። ጎረቤታችን ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «አየሽ፣ እኔን ለመወንጀል ሲሆን ይሠራል» አሉ።

በዚያ መሀል መኪናው ጥሏቸው ሄደ። አደሩ። ማግስቱን ጠዋት ስነሳ እናቴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጎረቤታችን ፀጉሯን ያጥቧታል፤ ክርክሩም ትናንት ካቆመበት ቀጥሏል። የሚቀጥለው ገበያ ቀን ደረሰ፤ መኪናው መጣ፤ ሄደ። ጎረቤታችን ስለ መሄድ አላነሱም። እኔም እንዳላነሳ ተጠነቀቅኩ።

ብቻ ሳይከፈላቸው መቅረት የለበትም ብዬ አንድ ቀን በትሕትና ደሞዝ የሚል ቃል ከአፌ አወጣሁ። ጎረቤታችን የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ። «እኔ ገረድ ነኝ?» አሉ። «እኔ ተከሳሽ ነኝ!»

«እውነቷን ነው» አለች እናቴ ከአልጋዋ። «ተከሳሽ ናት።»

ስምምነቱ በዚህ ጸና። ጎረቤታችን እኛ ቤት የሚቀመጡት ክርክሩ እልባት እስኪያገኝ ነው። ምግብ ሲያጎርሷት፣ «ብዪ፤ ይቅር አላልኩሽም» ይላሉ። «መች ጠየቅኩሽ?» ትልና እናቴ አፏን ትከፍታለች። እግሯን ሲያሹላት፣ «ሕግ የፈረደላትን ሴት ስም ስታጠፊ ኖርሽ» ይላሉ፤ «ወደ ታች ወረድ በይ፣ ጉልበቴ ላይ ነው የሚያመኝ» ትላለች እናቴ። እንቁላልም መብላት ጀመረች።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ እናቴ እንቅልፍ ወስዷት፣ ከጎረቤታችን ጋር ምስር ስንለቅም ለምን እንደቀሩ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ባላቸውን ቀብረዋል። «ከእናትሽ ጋር አንነጋገርም ነበር» አሉኝ። «ግን ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ማዶ ዶሮዋን ስትሳደብ እሰማታለሁ። እሷን ሰምቼ ነው የምነሳው። ከወደቀች ወዲህ ነጋ የሚለኝ ሰው አጣሁ።» ከዚያ ምስሩን እንድቀጥል በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

መራመዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ እንጨት ቸክሎ፣ እየያዘች የምትሄድባቸው ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች ሠራላት። እናቴ አየቻቸውና፣ «በሬ ነኝ?» አለች። እኔ ለመንኩ፤ ወንድሜ በስልክ ለመነ፤ እምቢ አለች። ጎረቤታችን አልለመኑም። «ይግባኝ እላለሁ ስትይ አልነበር?» አሏት። «ሽማግሌዎቹ ያሉት ከቤተ ክርስቲያኑ ግራር ሥር ነው። በቃሬዛ የመጣ ከሳሽ አይሰማም። በእግርሽ ነይና ክሰሽኝ።»

እናቴ ቆመች። እየተንቀጠቀጠች፣ እየተሳደበች፣ በግራ እጇ እንጨቱን ይዛ። ጎረቤታችን ከፊቷ የኋሊት እየሄዱ፣ «ነይ፣ ነይ፣ ንብሽን ውሰጂ» ይሏታል።

አንድ ከሰዓት እንዲህ በመሀል መንገድ ላይ እያለች ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ተመለሰ። እንደ ልማዱ ግቢው በር ላይ ሲደርስ ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ። እናቴ ያንን ሳል ስትሰማ እንጨቱን ለቀቀችና በዚያው እጅ ፊቷን ልትሸፍን ነጠላዋን ሳበች። ጎረቤታችን ሊይዟት ተወርውረው ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። ባለቤቴ ደብተሮቹን በትኖ ሮጠ፤ ግን አጠገባቸው ሲደርስ ወግ ያዘውና ፊቱን አዙሮ ቆመ። እኔ ከማድ ቤት ወጥቼ ያየሁት ይህንን ነው፤ ሁለት አሮጊቶች መሬት ላይ፣ አንድ መምህር ለአጥሩ ሰላምታ ሲሰጥ።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ ጎረቤታችን ከሥር ሆነው። «ሳሉን ትተህ አንሳን! አንቺም ፊትሽን አንድ ጊዜ አሳዪውና ይገላገል፤ ምን ውበት ቀርቶልሽ ነው?»

ባለቤቴ ዞረ። የእናቴ ነጠላ ከበታቿ ቀርቷል፤ የምትሸፈንበት ነገር የለም። ከሠርጋችን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ተያዩ።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?» አለ ባለቤቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እናቴ፣ መሬት ላይ ተጋድማ፣ በሙሉ ክብር። ባለቤቴ አቅፎ አነሳት። ሲገባ መጋረጃውን ራሷ «አውርዱት፣ ያፍነኛል» አለች። በኋላ ብቻችንን ስንሆን በጆሮዬ፣ «በድምፁ ረጅም መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

አጨዳው ሲደርስ ወንድሜ ሊወስዳቸው መጣ፤ ለጉብኝት ብቻ። እኔም አብሬ ሄድኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ በግራ እጇ ከዘራ ይዛ፣ በቀኝ ጎኗ በኩል ጎረቤታችን ክንድ ላይ ተንጠልጥላ፣ እያረፈች እያረፈች ከግራሩ ሥር ደረሰች። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ተቀበሏት፤ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ አሏት። ከዚያ ጉዳይሽ ምንድን ነው አሏት።

«ክስ አለኝ» አለች።

«በማን ላይ?»

«በዚህች» አለች፣ የተንጠለጠለችበትን ክንድ እያሳየች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ ጢማቸውን ይዘው ሳቃቸውን ዋጡ። «እሺ፣ ተከሳሽ ትልቀቅሽና ለብቻዋ ትቁም» አሉ።

«ከለቀቀችኝ እወድቃለሁ» አለች እናቴ።

«እሷ ከወደቀች ደግሞ ማንሳቱ ለእኔ ነው» አሉ ጎረቤታችን።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ የእርቅ ሐሳብ አቀረቡ። እናቴ ደነገጠች፤ ጎረቤታችንም ከእሷ የባሰ ደነገጡ። ሁለቱ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። ከዚያ እናቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ቀጠሮ ይሰጠኝ» አለች። «ምስክሬ ታሟል።» ምስክር የላትም፤ ኖሯትም አያውቅ። ሽማግሌዎቹ ግን አዋቂ ሰዎች ናቸውና ረጅም ቀጠሮ ሰጧት።

እጇ ከዚያች ጣት አልፎ ብዙም አልተመለሰም። ሐኪሙ ከዚህ በላይ ተስፋ አታድርጉ ብሎናል። ከአልጋዋ እስከ ግቢው በር ትሄዳለች፤ ለቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ነው። የሚያደክሙን ቀኖች አሉ፤ ቶሎ ሳንደርስላት ቀርተን ልብሷ ረጥቦ በእልህ የምታለቅስባቸው ቀኖች አሉ። ያን ጊዜ ጎረቤታችን ማንንም አያስጠጉም፤ በሩን ዘግተው አጣጥበው፣ አልብሰው ያወጧታል። ምን እንደሚባባሉ አልሰማሁም።

በቅርቡ ጎረቤታችን የቤታቸውን ጣራ ሊያዩ አገር ቤት ሄዱ። መኪናው ከዓይናችን ሳይጠፋ እናቴ፣ «እፎይ፣ አሁን ጆሮዬ ያርፋል» አለች። ምሳ አቀረብኩላት፤ ጨው በዛው አለች። ሻይ አቀረብኩላት፤ ቀዘቀዘ አለች። ባለቤቴ ሊያጫውታት ሞከረ፤ በሁሉም ነገር ስለሚስማማላት ሰለቻት። በማግስቱ ወንበሯን ግቢው በር ላይ እንዳወጣላት አዘዘችኝና መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን አቧራ ለብሰው ብቅ አሉ።

«ምነው ቶሎ መጣሽ?» አለች እናቴ።

«ጣራው ደህና ነው» አሉ ጎረቤታችን። እቃቸውን አስቀምጠው፣ ከወንበሯ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው እግሯን ጭናቸው ላይ አነሱና ማሸት ጀመሩ።

«እጅሽ ቀዝቃዛ ነው» አለች እናቴ።

«ዝም በይ» አሉ።